የሚያውቅ ይላክልን

ዋንዛ አፋፍ፣ ስማዳ
ጥቅምት 3 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለስንዱ ካሣሁን፣ በነፋስ መውጫ የሦስተኛ ክፍል መምህርት፣ ደግሞም የእኔ እጮኛ (ሁለተኛው ማዕረግ ከፊተኛው ይበልጣል)፤

ወረቀቱ ጌሾ ጌሾ ቢሸትሽ አትቀየሚኝ። ጋሼ ታፈረ ደብዳቤዬን የሚያመላልሱት በጌሾ ጫናቸው ውስጥ ወትፈው ነው። ዓርብን አርብ ገበያ ይውሉና ከዚያ ወደ እናንተ ይወጣሉ። ያለፈው ደብዳቤዬ የዘገየው በእኔ ስንፍና ሳይሆን በአህያቸው ምክንያት ነው፤ ወልዳ ነበር። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብያታለሁ፤ አንቺም ቂም አትያዥባት።

«ትምህርት ቤቱ እንዴት ያለ ነው?» ላልሽው፦ እጅግ ሰፊ ነው። ጣሪያው ሰማይ፣ ምሰሶው የዋንዛ ዛፍ ነው። በስተምሥራቅ ግድግዳ የለውም፤ በስተምዕራብም እንዲሁ። ዝናብ ሲመጣ ወደ አንዲት የሣር ጎጆ እንሸሻለን። አርባ አንዱም ተማሪ ከገባ ለእኔ ቦታ ስለማይተርፍ ከውጭ ቆሜ በበሩ አስተምራለሁ። ከአርባ አንዱ አርባው ወንዶች ናቸው። አንዷ ዓለምዬ ትባላለች፤ የአለቃ ገብረ ሚካኤል የልጅ ልጅ ናት። አለቃ ድጓውን ቤተ ልሔም፣ ቅኔውን ጎጃም የተማሩ ሊቅ ናቸው። መንደሩ እሳቸውን ሳያማክር አያስነጥስም።

ማሠልጠኛው ውስጥ የነገሩንን ታስታውሻለሽ፤ «ለልጁ አትንገሩት፤ ጠይቁት፤ ራሱ ያግኘው።» እኔም በመጀመሪያው ቀን ደረቴን ነፍቼ «ልጆች፣ ሦስትና አራት ስንት ነው?» አልሁ። ደግሜ ጠየቅሁ። እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ ዓለምዬ ተነሣች፤ እጅ ነሣችና፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«የኔታ፣ እርስዎ ከጠፋብዎ እኛ ከየት እናመጣዋለን?» አለችኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ አገሩ በአዘኔታ ያየኛል። ትናንት አንዲት ባልቴት የገብስ ቆሎ ይዘውልኝ መጥተው «አይዞህ ልጄ፣ ቀስ እያልህ ትለምደዋለህ» አሉኝ። ቆሎውን በላሁት። ምን ላድርግ?

መጽሐፉ ደግሞ «አንድ ባቡር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ድሬዳዋ በስንት ሰዓት ይደርሳል?» ይላል። ልጆቹ ባቡር ምን እንደሚበላ ጠየቁኝ። ባቡሩን ሽሬ አህያ ሾምሁ። «የጋሼ ታፈረ አህያ ከዚህ ተነሥታ ነፋስ መውጫ በስንት ቀን ትደርሳለች?» ብል አርባ አንዱም በአንድ አፍ «በሦስት!» አሉ። ልክ ናቸው፤ «ጎበዝ» አልኋቸው። በልቤ ግን አላመንሁም። መንግሥት አንቺን ወደ ደጋ፣ እኔን ወደ ቆላ ከዘራን ስድስት ሳምንት ሆነን፤ የሦስት ቀን መንገድ እንዲህ ሲርቅ አይቼ አላውቅም።

የአንቺው አዱኛ


ነፋስ መውጫ
ጥቅምት 12 ቀን 1959 ዓ.ም.

አዱኛ፤

ሰባት ነው።

ጽፈህ ኪስህ ውስጥ ያዘው፤ ዳግመኛ የጠፋብህ ቀን ልጆቹን እንዳታስቸግር።

ሳነብ ስስቅ አባባ ሰምተው «ምን አለ?» አሉኝ። «ደህና ነኝ ይላል» አልኋቸው። «ይህን ለማለት ሁለት ገጽ ፈጀበት?» ብለው ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ።

አንተ ጣሪያ የለኝም ብለህ ታለቅሳለህ፤ እኔ ቆርቆሮ አለኝ። ዝናብ ሲመጣ የሚያስተምረው ቆርቆሮው ነው፤ እኔ አፌን አንቀሳቅሳለሁ። ሰባ ሦስት ልጆች አራት አራት ሆነው ባንድ ወንበር ይቀመጣሉ፤ አንደኛው ሊጽፍ ክንዱን ሲዘረጋ አራተኛው ይወድቃል። ዲሬክተራችን «ዝም ያለ ክፍል የተማረ ክፍል ነው» ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ልጆቼ ሲከራከሩ ሰምተው አለንጋቸውን ይዘው ገቡ።

«ምን ሆነው ነው?»

«እያሰቡ ነው፣ ጌታዬ።»

«ቀስ ብለው ያስቡ!» ብለው ወጡ።

አሁን ሳቁን ተውና ስማኝ። የአራተኛ ክፍሉ መምህር በጥር ወደ አገሩ ይሄዳል፤ ቦታው ክፍት ይሆናል። ኢንስፔክተር በኅዳር መጨረሻ ወደ አንተ ይወርዳል። ደህና ሪፖርት ከጻፈልህ ቦታው ያንተ ነው ተብሏል። አባባን ታውቃቸዋለህ። ትናንት ደብዳቤህን በዐይናቸው እያሳዩኝ «እኔ ልጄን ልሰጥ ቃል የገባሁት ለሰው እንጂ ለወረቀት አይደለም፤ ሁዳዴ ሳይገባ አንድ ቦታ ካልሆናችሁ ቃሌን አነሣለሁ» አሉ። አባባ የሚሉትን እንደሚያደርጉ መቼም አትጠይቀኝም። ደግሞ ጌታቸው የሚባል የትምህርት መሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ በየእሑዱ አባባን ሊጠይቅ ይመጣል። አባባ ታመው አያውቁም። ጌታቸው ክራባት አለው።

ስለዚህ በእናትህ፣ ለአንድ ወር ብቻ የምታውቅ ምሰል።

በዘገየው ደብዳቤህ ቀለበቴን ስለማውለቅ ለጠየቅኸው፦ አላወልቀውም። ጠመኔ እየገባበት ነጥቷል፤ ማታ ማታ በመፋቂያ አጸዳዋለሁ። ጣቴ ከሳ መሰለኝ፤ ይዞራል።

ስንዱ


ዋንዛ አፋፍ
ጥቅምት 24 ቀን 1959 ዓ.ም.

ስንድዬ፤

ምክርሽ የደረሰኝ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ከማን ጋር እንደምጣላ እንጃ፤ አህያዋ አራስ ናት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጭቃ ሹም ገብሬ ሽማግሌዎቹን አስከትለው ደጄ መጡ። ሁሉም ነጭ ለብሰዋል። ለምርቃት የመጡ መስሎኝ ቁርበት አነጠፍሁ።

«መምህር፣ እንደምን ከረምህ። ለአንድ ጉዳይ ነበር።»

«ምን ልታዘዝ?»

«ለመንግሥት አቤቱታ እንድትጽፍልን።»

«በማን ላይ?»

ጭቃ ሹሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የቀሩት ዋንዛውን ማየት ጀመሩ።

«አዬ... በአንተ ላይ ነው እንግዲህ። አትቀየመን። ቀለምና ወረቀት ያለው አንተ ዘንድ ብቻ ሆኖብን ነው።»

«አለቃ ገብረ ሚካኤል አይጽፉላችሁም?»

«አለቃ ብራና እንጂ የመንግሥት ወረቀት በእጃቸው አይነኩም። ረክሷል ይላሉ።»

ብዕሬን አነሣሁ፤ ምን ይደረግ፣ የሕዝብ አገልጋይ ነኝ። እንዲህ ሲሉ አስጻፉኝ፦

«የላካችሁልን መምህር ጠባዩ መልካም፣ ሰላምተኛ፣ ጾሙን የሚጾም ነው። ዳሩ ግን አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ልጆቻችንን ሲጠይቅ ይውላል። ልጆቻችንም የሚያውቁትን ሁሉ ነግረውት ጨርሰዋል። እኛ የሰደድናቸው ሊማሩ እንጂ ሊያስተምሩ አይደለም። ስለዚህ የሚያውቅ ይላክልን።»

«ሰላምተኛ» የምትለውን እኔ አልጨመርሁም፤ በመድኃኔ ዓለም ራሳቸው ናቸው ያሏት። ነጥቦቹን ብቻ አስተካከልሁ። ጮክ ብዬ ባነበብሁላቸው ጊዜ «እንዴት ያምራል!» ተባባሉ። አሥራ ሁለት አውራ ጣት ታተመበት። ሲወጡ ጭቃ ሹሙ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «እጅህስ ደግ ነው፤ እውቀቱ ነው እንጂ» አሉኝ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ሲሄዱ ከፋኝ ብልሽ ዋሸሁ። ደስ አለኝ። ከዚህ ብባረር ወዴት እባረራለሁ? ወደ አንቺ እንጂ! ሌሊቱን ሙሉ ነፋስ መውጫ ገብቼ፣ ኮቴን ነፋሱ ሲያወልቀው፣ አንቺም ጠመኔ በያዘው እጅሽ ስትይዥልኝ አየሁ። አልተኛሁም ነበር፤ ስለዚህ ሕልም አይባልም።

አዱኛ


ነፋስ መውጫ
ኅዳር 6 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለከሳሽም ለተከሳሽም ጸሐፊ ለሆነው ሰው፤

ሞኝ። ከዚህ የከበደ ስድብ ፈልጌ አጣሁ፤ ዲሬክተራችንን እንዳልጠይቃቸው «ለማን ነው?» ይሉኛል።

የተከሰሰ መምህር ወደ ከተማ ይመጣል ያለህ ማን ነው? የተከሰሰ መምህር ወደ በሽሎ በረሃ ነው የሚወርደው። እዚያ እንኳን ደብዳቤ፣ ጌሾም አይደርስ።

አቤቱታው ደርሷል። እንዴት እንዳወቅሁ ልንገርህ። ጌታቸው እሑድ እቤታችን ይዞት መጣና እንደ ተረት አነበበው። ሳቁ ሦስት ጊዜ አቋረጠው። «የሚያውቅ ይላክልን» ከሚለው ላይ ሲደርስ ክራባቱን አላልቶ እንባውን ጠረገ። አባባ ግን አልሳቁም። ወረቀቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

«እንዲህ የሚጽፍ ሰው መንደሩ ውስጥ እያለ መምህር ምን አደረገላቸው?» አሉ።

እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ። ያንን ጽሕፈት የትም ቢሆን አውቀዋለሁ። ትራሴ ሥር ዐሥራ አራት አለኝ። ጌታቸው በእጁ ይዞ ሲያውለበልበው የእኔን ደብዳቤ የወሰደብኝ መሰለኝ። ስምህ ሲሳቅበት ዝም ማለቴን ይቅር በለኝ። አባባ ፊት ነበርሁ።

ኢንስፔክተሩ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሽማግሌዎቹን ተዋቸው፤ እነሱ ጣት ናቸው፣ እጁ አለቃ ናቸው። ሂድና ጠይቃቸው። መጠየቅ መቼም ታውቅበታለህ።

ስንዱ


ዋንዛ አፋፍ
ኅዳር 22 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለአማካሪዬ፤

እንዳልሽው ሄድሁ። አለቃ ከደብሩ ዋርካ ሥር ጭራቸውን ይዘው በቅኔ ተማሪዎቻቸው ተከበው ተቀምጠዋል።

«ምን ፈልገህ መጣህ?» አሉኝ።

«ልጠይቅዎ፣ አባቴ።»

«አሁንም?»

ተማሪዎቹ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። አለቃ «ተቀመጥና ስማ» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አንዱ ጢማም ተማሪ ያዘጋጀውን ቅኔ ሊነግራቸው ቀረበ። መሐል ላይ ሲደርስ አለቃ «ወዴት አመራህ?» አሉት። ተመለሰ፤ እንደገና ጀመረ። «አሁንስ ወዴት?» አሉት። ደግሞ ተመለሰ። በአራተኛው ጊዜ ቅኔው ቤት ሞላለት፤ ጢማሙ እንደ ሕፃን ዘለለ። አለቃ አንዲት ቃል አልነገሩትም። እኔ ደግሞ አንደበቴን መቼ ችዬ!

«አባቴ፣ እርስዎም ይጠይቃሉ እኮ!»

«ጠይቄስ? ይህ ሰውዬ ፊደል ቆጥሯል፤ ንባብ ወጥቷል፤ ዳዊት ደግሟል። ጎተራው ሞልቷል። ከሞላ ጎተራ ነው የሚጠየቅ። አንተ ትናንት ከተሠራ ባዶ ጎተራ እህል አምጣ ትላለህ።»

ስንድዬ፣ የማሠልጠኛው ደብተሬ ላይ ለዚህ መልስ የለም። ገለበጥሁት፤ «የሕፃኑን ፍላጎት ማነሣሣት» ከሚል በቀር አንድም የለም። ከራሴ አመጣሁ።

«አባቴ፣ ጎተራው ባዶ አይደለም። አህያ በስንት ቀን የት እንደምትደርስ ያውቃሉ። ስንት ነዶ ስንት ቁና እንደሚወጣው ያውቃሉ። እኔ የጠየቅኋቸው የሌለውን ነበር፤ ያለውን ብጠይቅስ?»

ጭራቸው ቆመ። ዝንብ አፍንጫቸው ላይ ዐረፈ፤ አላባረሩትም። «እስቲ ነገ መጥቼ አያለሁ» አሉ።

መጡ። በማግሥቱም መጡ። ተዋዋልን፤ ጥዋት ጥዋት ልጆቹ ፊደሉንና ማባዣውን በቃል እያዜሙ ጎተራውን ይሞላሉ፤ ከሰዓት በኋላ እኔ እጠይቃለሁ። አለቃ በየቀኑ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። አንድ ልጅ ዜማ ሲሰብር «ኧረ ተው!» ይላሉ፤ የማባዣው ዜማ እንኳን የእሳቸው ነው። አሁን የሰባት ብዜት በግእዝ ዜማ የሚባልበት ትምህርት ቤት ከእኛ በቀር ያለ አይመስለኝም።

ስለ ጌታቸው ክራባት አስብ እንደሆነ ሳትጠይቂኝ አትቀሪም። አላስብም። ከቁርስ በፊት ትንሽ፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ጥቂት።

ኢንስፔክተሩ ሳምንት ይመጣል። ጸልዪልኝ።

አዱኛ


ነፋስ መውጫ
ታኅሣሥ 3 ቀን 1959 ዓ.ም.

አዱኛዬ፤

ኢንስፔክተሩ ትናንት ተመለሱ። ፀሐይ አክስሏቸዋል፤ በቅሏቸውም ታነክሳለች። ሲያልፉ በመስኮት አየኋቸውና ልጆቼን ዘንግቼ ቆሜ ቀረሁ። ሰባ ሦስቱም ዝም ብለው እኔን ሲያዩ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዲሬክተሩ አመሰገኑኝ።

ጌታቸው እንዳለው ላንተ የሚሆን ደብዳቤ ተጽፎ ማኅተም ተመትቶበታል። ምን እንደሚል አልነገረኝም፤ ፊቱ ግን እንደ ሌላው ጊዜ አልሳቀም። ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በሰው ማዘን ደስ አለኝ። ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ጋሼ ታፈረ ከዚህኛው ጋር ያመጡልሃል።

አባባ «ለጥንስስ ጌሾ አስቀድሞ ይታዘዛል» ብለው ለጋሼ ታፈረ ሁለት ጫና ነግረዋቸዋል። ስለ ምን እንደሆነ አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። መቼ ትመጣለህ?

ስንዱ


ዋንዛ አፋፍ
ታኅሣሥ 13 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለስንዱ፤

ለጤናዬ ደህና ነኝ። እዚህ መኸሩ ገብቷል። ማሽላው ዘንድሮ ደግ ነው፤ ጤፉን ግን ተምች ትንሽ ነካ አድርጎታል ይላሉ። ልጆቹ ግማሹ ውቂያ ላይ ስለሆኑ አውድማው ድረስ ሄጄ እዚያው አስተምራለሁ። በሬዎቹ ሲዞሩ እኛ ዙር እንቆጥራለን።

የጋሼ ታፈረ ውርንጭላ አድጋለች። ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት። እናቷን ተከትላ እስከ አርብ ገበያ ትሄዳለች አሉ። ባለፈው ሳምንት የዓለምዬን ደብተር በላችባት፤ የማካፈል ትምህርት ያለበትን ገጽ ነው የበላችው። ዓለምዬ «አሁን እሷም ታውቃለች» ብላ አሳቀችን። ውርንጭላዋ ጥሩ ጤና ላይ ናት።

ነፋሱ እንዴት ይዟችኋል? አባትሽን ሰላም በይልኝ።

ሌላ አዲስ ነገር የለም።

አዱኛ


ነፋስ መውጫ
ታኅሣሥ 21 ቀን 1959 ዓ.ም.

አዱኛ፤

ስለ ውርንጭላዋ ሰማሁ። ግንባሯን፣ ጤናዋን፣ የተማረችውንም ሁሉ። ሰላምታዬን አቅርብላት።

ደብዳቤህ ውስጥ አንድም ቀልድ ያንተ አልነበረም፤ ያለችው አንዷም የዓለምዬ ናት። ይህን ያህል ዘመን ሳውቅህ በሬ ሲዞር ቆጠርሁ ብለህ ዝም ያልህበት ቀን የለም።

ጥያቄዬን እንደገና እጽፈዋለሁ፤ ምናልባት በጌሾ ተሸፍኖብህ ይሆናል። መቼ ትመጣለህ?

ስንዱ


ዋንዛ አፋፍ
ጥር 4 ቀን 1959 ዓ.ም.

ስንድዬ፤

ደብዳቤሽ የገና ዕለት ደረሰኝ። በዓሉን ከኪሴ ውስጥ ይዤው ዋልሁ። ከወር በፊት ልጽፍልሽ የሚገባኝን አሁን ልጽፍ። ይቅርታ የምትባለውን ቃል ከዚህ ላይ አስቀምጫታለሁ፤ ስትጨርሺ ከፈለግሽ ተቀበያት።

ኢንስፔክተሩ መጡ። የአገሩ ወግ ነውና እንግዳ ብቻውን አይቀመጥም፤ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ነጭ ለብሰው ከጎናቸው ተደረደሩ። ኢንስፔክተሩ የጥዋቱን ዜማ ሰምተው ፊታቸውን አጨፈገጉ፤ የከሰዓቱን ጥያቄ ሰምተው ፊታቸውን ፈቱ። ከዚያ ራሳቸው ተነሥተው «ልጆች፣ የአገራችን ትልቁ ወንዝ ማን ይባላል?» ብለው ጠየቁ።

ጭቃ ሹም ገብሬ በሹክሹክታ የተናገሩ መስሏቸው፣ በሽሎ ማዶ በሚሰማ ድምፅ፣

«ይኸኛውም አያውቅም! ከላይ እስከ ታች ነው እንዴ?» አሉ።

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ኢንስፔክተሩ ጥቁር ሰሌዳ መሰሉ። ያን ጊዜ አለቃ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«አንተ ገብሬ! እግዚአብሔር አዳምን "ወዴት ነህ?" ያለው፣ ከየትኛው ቅጠል ሥር እንደተሸሸገ ጠፍቶት ነው?»

«ኧረ ያውቃል እንጂ፣ አባቴ።»

«ታዲያ ለምን ጠየቀው?»

ጭቃ ሹሙ ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ። አለቃ ራሳቸው መለሱት፤ «ሊያናግረው ወድዶ ነው! ከአፉ ሊሰማ ወድዶ ነው!» ሽማግሌዎቹ አንድ ሆነው «እውነት ነው!» አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ መንደሩ ውስጥ ጠያቂ ሆኛለሁ፤ ማለትም ሊቅ።

ማኅተም ያለው ደብዳቤ ደግሞ ይህን ይላል፦ ነፋስ መውጫ፣ አራተኛ ክፍል፤ ከጥር 10 በፊት ፈርሜ ካልመለስሁ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። አየሽ፣ መልሱ ከአንድ ወር ጀምሮ በእጄ ነው። ብዕሩን አነሣሁ፤ አስቀመጥሁ። ምክንያቱን ልንገርሽ። ወሬው እንደተሰማ ዓለምዬ መጣች።

«የኔታ፣ ይሄዳሉ አሉ።»

«ማን አለሽ?»

«የሚመጣው መምህር ይጠይቀናል ወይስ ያውቃል?»

እኔ ደግሞ፣ ጠያቂው፣ ተጠየቅሁ።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ መጡ። እንደ ልማዳቸው ቀለምና ወረቀት ያለው እኔ ዘንድ ነው። አስጻፉኝ፦ «ቀድሞ የሚያውቅ ይላክልን ብለን ነበር። ተሳስተናል። የሚያውቅ አንፈልግም። ያ የሚጠይቀው ይተውልን።» ጻፍሁት። በአንቺ ላይ የጻፍሁት መሰለኝ። አለቃ ብቻ ዐይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሡም።

«ልጄ፣ ነፋስ መውጫ ምን አለህ?»

«ነፋስ» አልኋቸው።

«እህ» አሉ፤ ከሽማግሌዎቹ ኋላ የቆሙትን ጋሼ ታፈረንም አዩ። ጋሼ ታፈረ ጫማቸውን አዩ። ከዚያም አለቃ «ወረቀቱን እኔ ዘንድ ተወው፤ ማኅተሜን አድርጌ በታፈረ እልካለሁ» ብለው ወሰዱት። የግእዝ ጥቅስ ይጨምሩበት ይሆናል።

ያልፈረምሁትን ወረቀት ከዚህ ጋር ወደ መሥሪያ ቤቱ መልሻለሁ። የአባትሽን ቃል አውቃለሁ፤ ሁዳዴ ደግሞ ለእኔ ብሎ አይዘገይም። ስለዚህ ቃልሽን መልሼልሻለሁ። ጌታቸው ክፉ ሰው አይደለም፤ ክራባቱንም ይለምዱታል። ቀለበቱ ይዞራል ብለሽኝ ነበር፤ ሳትቸገሪ ይወልቃል።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ዐሥራ ሰባቱን ደብዳቤዬን አትመልሺልኝ። እዚህ የማኖርበት ደረቅ ቦታ የለኝም።

አዱኛ


ነፋስ መውጫ
ጥር 14 ቀን 1959 ዓ.ም.

አዱኛ፤

«ቃልሽን መልሼልሻለሁ» ላልኸው፦ ከማን ተቀብለህ? ቃሌ እኔ ዘንድ ነው። አንተ የመለስኸው የራስህን ፍርሃት ነው፤ እሱን ደግሞ ጋሼ ታፈረ ለአህያዋ ሰጥተዋታል። ደብዳቤህን ሳነብ ምን ያህል እንደተቆጣሁ አልጽፍም፤ ወረቀቱ ይቀደዳል። ሁለት ቀን ለልጆቼ ጥያቄ አልጠየቅሁም። ዲሬክተሩ «አሁን መምህርት ሆንሽ» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስሁት።

አሁን እኔ የማውቀውንና አንተ የማታውቀውን ልንገርህ።

የጥምቀት ማግሥት ጌታቸው መጣ። ክራባት አላሰረም። ሁለተኛውን አቤቱታ ከኪሱ አውጥቶ ለአባባ ሰጣቸው፤ አላነበበውም፣ አልሳቀም። «ይህ እናንተን የሚመለከት ይመስለኛል» ብሎ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። አንተ እንዳልኸው ክፉ ሰው አይደለም።

አባባ አነበቡት። ያንተ ጽሕፈት ካለቀበት በታች፣ ከአውራ ጣቶቹም በታች፣ ሌላ እጅ ነበር። ወፍራም፣ በመቃ የተጻፈ፣ እንደ ብራና ጽሕፈት ፊደሉ የቆመ። እንዲህ ይላል፦

«ሴቶች ልጆቻችንን ከቤት ያስቀረነው ከወንድ መምህር ፊት አናስቀምጥም ብለን ነው። ሴት መምህርት ብትላክልን ዐሥራ ዘጠኝ ልጃገረዶች አሉን። ስሟ ስንዱ ካሣሁን ቢሆን አንጠላም። ኃጥእ ወአባሲ ገብረ ሚካኤል።»

በመንግሥት ወረቀት ላይ፣ አዱኛ። በእጃቸው።

አባባ ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔ አንድ ቦታ ሁኑ አልሁ እንጂ የት አላልሁም» አሉ። ቆይተው ደግሞ «አንዲት ልጅ አለችኝ፤ እሷንም በአቤቱታ ወሰዷት» አሉና ወደ ጓሮ ወጡ። የተሰጣውን ጌሾ ሲያገላብጡ አመሹ። መገላበጥ አያስፈልገውም ነበር፤ ደርቋል።

መሥሪያ ቤቱ ሄድሁ። «ከከተማ ወደ ዋንዛ አፋፍ? በፈቃድሽ?» አሉኝ። «አዎ።» «ታመሻል?» «አዎ» አልሁና ፈረምሁ። እንዳንተ ብዕር ሳነሣ ሳስቀምጥ አልከረምሁም። የሰባ ሦስቱ ልጆቼ ነገር ግን እስካሁን ያመኛል። ትናንት ስነግራቸው አንዱ እጁን አውጥቶ «እትዬ፣ እኛስ ለማን አቤት እንበል?» አለኝ። መልሱን አብረን እንፈልገዋለን።

ሠርጉ እሑድ የካቲት 5 ነው። አለቃን ይዘህ ና። ጭቃ ሹም ገብሬንም፤ አባባ ሊያዩአቸው ጓጉተዋል። እስከዚያ ሃያ አንድ ቀን አለ። ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት። ጽፈህ ኪስህ ውስጥ ያዘው።

ከእንግዲህ ደብዳቤ የሚጠብቁት አባባ ናቸው። ዛሬ ጋሼ ታፈረን ጠርተው «ከዚያ ስትነሣ በስንት ቀን ትደርሳለህ?» ብለው ሲጠይቋቸው ሰማሁ። ሦስት እንደሆነ ያውቃሉ።

እኔም ከመዝጋቴ በፊት አንድ ልጠይቅህ። ጠፍቶኝ አይደለም። ከዋንዛው ሥር፣ ጠመኔ በጆሮህ ላይ ሰክተህ፣ ልጆቹ የሚመልሱልህን እየጠበቅህ እንደቆምህ አውቃለሁ። ካንተው አፍ ልስማው ብዬ ነው።

አዱኛ፣ ወዴት ነህ?

ስንዱ